ድንጉጥ ፈረስ፦ አድክሞ ማስገባት ወይስ አላምዶ?

ጅማ ውስጥ ፈረሱ ጉግስ ሜዳ ሲደርስ የሚቁነጠነጥበት ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ ጠዋት አስሩጦ ማድከም ነው። ፈጣን ነው፣ አዎ። ግን ፍርሃቱ እዚያው አለ፤ የጠፋው ለውድድሩ የሚያስፈልገው ጉልበት ነው። ንጉሡ አባ ጅፋር ራሳቸው በፈረስ ስም በተጠሩበት አገር ይሄ ትንሽ ያሳፍራል።

ሁለተኛው ማላመድ ነው። ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ጭብጨባና ጡሩምባ ከሩቅ እያሰሙ፣ ሲረጋጋ ብቻ ትንሽ እየቀረቡ፣ ከጎኑም ጩኸት የማያስደነግጠው ሌላ ፈረስ (የጋሪም ቢሆን) ማቆም፤ ፈረስ የመንጋ እንስሳ ስለሆነ ጓደኛው ካልበረገገ እሱም ይረጋጋል። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን እኔ ይሄኛውን ነው የምመርጠው።

ውድድሩ ነገ ከሆነስ? ቀስ ብሎ ማራመድ ይበቃል፤ ጋላቢውም ልጓሙን አያጥብቅ።