«ፖርሴሊን ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ሰማያዊና ነጭ የእንግሊዝ ሳህን፣ ከወራት በኋላ

ሳህኑን በጣም ነው የምወደው፣ የሸጠልኝን ሰውዬ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። እዚህ እንግሊዝ አገር ከአንድ የአንቲክ ገበያ የገዛሁት ትልቅ ሞላላ የምግብ ማቅረቢያ ነው፣ ዊሎው የሚባለው የቻይና መሰል ስዕል ያለበት፣ ድልድይ ላይ ሦስት ሰዎች፣ ከላይ ሁለት ወፎች። መለያው ላይ ፖርሴሊን ይላል፣ እንደ ቡና ስኒ ያለ ፈሳሽ የማይመጥ ጠንካራ ነጭ ዕቃ ማለት ነው። እኔም ፊት ለፊት ጠየቅኩት፣ «አዎ ፖርሴሊን ነው፣ ምግብ ይቀርብበታል» አለኝ። ዋጋውም የፖርሴሊን ዋጋ ነበር።

እስከ ፋሲካ ድረስ ምንም አላለም። ለፋሲካ የበግ እግር ኦቨን ውስጥ ጠብሼ ከነስቡ አቀረብኩበት፣ እንግዶቹ ሁሉ ወደዱት፣ በማግስቱ ሳጥበው መሀሉ ላይ ቡኒ ነገር አየሁ ብፈትገውም አይለቅም፣ ለካ ላዩ ላይ ሳይሆን ከግሌዙ፣ ማለትም ሳህኑን ከሸፈነው መስታወት መሳይ ልባስ፣ ስር ነው ያለው። ከዛ ወዲህ ሳህኑ ሞቅ ባለ ቁጥር የቆየ ስብ ይሸታል።

ፖርሴሊን እንዲህ አይሆንም። በከፍተኛ ሙቀት ስለሚተኮስ ገላው ራሱ ጥቅጥቅ ብሎ ይደርቃል፣ ግሌዙ ቢሰነጠቅ እንኳን ስብ የሚገባበት ቦታ የለም። መብራት ላይ አስጠግቼ ጣቴን ከኋላው ባደርግ ጥላ እንኳን አይታይም፣ ስስ ፖርሴሊን ቢሆን ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ገልብጬ ሳየው ደግሞ ግርጌው ጥግ ላይ ግሌዙ ተጠራቅሞ ሰማያዊ ይላል፣ ያ የፐርልዌር ምልክት ነው። ፐርልዌር ማለት እንግሊዛዊው ሸክላ ሰሪ ጆሳያ ዌጅዉድ እ.ኤ.አ. በ1779 ገበያ ላይ ያወጣው ነጭ ሸክላ ነው፣ ቢጫነቱን ለመደበቅ ግሌዙ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የሚሰጥ ማዕድን፣ ኮባልት፣ ትንሽ ይገባበታል። ቆየት ብሎ ስቶክ ኦን ትሬንት በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ሌላው ሸክላ ሰሪ ጆሳያ ስፖድ ከመዳብ ሰሌዳ በስስ ወረቀት እያነሳ ሰማያዊውን ስዕል ከግሌዝ ስር ማተም አሳመረው፣ የቻይና ፖርሴሊን መግዛት የማይችለው ቤተሰብም በዚህ ሳህን በላ። የኔ ጠርዝ ላይ ወረቀቱ ተገናኝቶ ሐረጉ ያልገጠመበት ቦታ አለ፣ የሰው እጅ ነው እኮ የለጠፈው፣ እሱን ሳይ ደስ ይለኛል።

ሻጩ «200 ዓመት የሞላው ዕቃ ላይ ምን ይጠበቃል» እንደሚል አውቃለሁ። ወንድሜ፣ እኔ ከዕድሜው ጋር ምንም ጠብ የለኝም። ሸክላ ነው ብትለኝ እንደ ሸክላ እይዘው ነበር፣ እኛ ቤት ሸክላ ድስት ዘይት እንደሚጠጣ የማያውቅ ልጅ የለም። ያሮጌ ግሌዝ በጊዜ ብዛት ጸጉር በሚመስል ስንጥቅ ይሞላል፣ ስቡ የገባው በዛ ነው። ሸክላ መሆኑን ማወቅ ደግሞ ስራህ ነው፣ ዕቃውን ገልብጦ ማየት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ይበልጥ ያናደደኝ ግን «ምግብ ይቀርብበታል» ያለው ነው። የዛ ዘመን የስታፎርድሺር (ስቶክ ያለችበት አውራጃ) ግሌዝ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት አለበት፣ ሎሚና ኮምጣጤ፣ ቲማቲምም ቢሆን፣ ሊድ ያወጣሉ። እኔ ቤት ትንንሽ ልጆች አሉ። ይሄ ሳይጠየቅ መነገር ያለበት ነገር ነው።

ሌላ ነጋዴ ደግሞ «በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈው» አለኝ። በፍጹም እንዳታደርጉት! በረኪና ሸክላው ውስጥ ጨው ይተዋል፣ ጨው ሲደርቅ ያብጥና ግሌዙን ከስሩ ገፍቶ ይልጠዋል፣ ቡኒውን አጠፋለሁ ሲሉ ስዕሉ ይሄዳል። እኔ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያራስኩትን ጥጥ ለጥፌበት በፕላስቲክ ሸፈንኩት፣ ደጋግሜ። ቡኒው ሳሳ፣ አልጠፋም፣ ሽታው ግን ቀንሷል።

መልሰህ ሽጠው የሚሉኝ አሉ፣ አልሸጥም። ሰማያዊው ከግሌዝ ስር ስለሆነ ስንት ቢላዋ አልፎበት አሁንም አልደበዘዘም፣ እንዲህ ያለ ስራ ዛሬ በዚህ ዋጋ የትም አላገኝም። ስጋ ግን ከእንግዲህ አይነካውም፣ ጨርቅ አንጥፌበት ድፎ ዳቦ አቀርብበታለሁ። ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ የስልካችሁን መብራት ይዛችሁ ሂዱ፣ ከኋላው አብሩበት፣ ገልብጡት፣ ሻጩ ካልፈቀደላችሁ ሳህኑን አስቀምጡና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሂዱ።