ኮምፒውተራችሁን ለየትኛው ሳይንስ ታውሱታላችሁ? ለጎጃም መብራትና ኔትወርክ የሚስማማው

ላፕቶፓችን ተከፍቶ አብዛኛውን ሰዓት ሥራ ፈት ነው። ይህን የተረፈ አቅም ለተመራማሪዎች ማዋስ ይቻላል። ትልቁን ስሌት ቆራርጠው በዓለም ዙሪያ ላሉ ኮምፒውተሮች ያድላሉ። ሁሉም ድርሻውን ሠርቶ በኢንተርኔት ይመልሳል። ደቦ ነው በሉት። ክፍያ የለውም። «ሶፍትዌሩን ጫን፣ በቀን ይህን ያህል ብር ታገኛለህ» የሚላችሁ ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ አትጠጉት።

ብዙ ሰው የሚመርጠው በዓላማው ነው። የካንሰር ምርምር ከከዋክብት ይበልጥበታል። ደብረ ማርቆስ ወይም ቡሬ ለተቀመጠ ሰው ግን ከዓላማው በፊት የሚጠየቅ አለ። ሥራው በስንት ቀን ይመለሳል? መብራት ድንገት ቢሄድ የተሠራው ይተርፋል? ስንት ሜጋ ይበላል? ቀነ ገደቡ ካለፈ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። የእናንተ መብራትና ፓኬጅ ውሃ በላው ማለት ነው።

ፎልዲንግ አት ሆም ከሁሉም በላይ ስሙ የታወቀ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጀመረ። ፕሮቲኖች እንዴት እንደሚታጠፉና እንደሚንቀሳቀሱ ያሰላል፤ ካንሰር፣ አልዛይመርና ኮሮና ከሚያጠናቸው ውስጥ ናቸው። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ሰው ተረባርቦ አቅሙ በሰከንድ ከቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ስሌት በላይ ደርሶ ነበር። ችግሩ ጥድፊያ ይወዳል። ቶሎ ለመለሰ ተጨማሪ ነጥብ (ለደረጃ እንጂ ገንዘብ አይደለም) ይሰጣል፤ ቀነ ገደቡም አጭር ነው። በደንብ የሚሠራውም ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ካለ ነው። ባሕር ዳር ላይ ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉ፣ ዴስክቶፕና ዩፒኤስ ያላችሁ ሰዎች፣ ይህ የእናንተ ነው። በአሮጌ ላፕቶፕ ግን ባትደክሙ ይሻላል።

አንስታይን አት ሆም በተቃራኒው ትዕግሥተኛ ነው። በ2005 ተጀመረ። ላይጎ የተባለው የስበት ሞገድ ማዳመጫ የሰበሰበውንና የቴሌስኮፖችን መረጃ ይፈትሻል። ፑልሳር የሚባሉ በፍጥነት የሚሽከረከሩ የሞቱ ከዋክብትን ይፈልጋል። በ2010 በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተር አንድ አዲስ ፑልሳር ተገኝቶበታል። ሥራውን ለመመለስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ይሰጣል። የሚሠራው ቦይንክ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ኔትወርክ ሲኖር የጥቂት ቀን ሥራ አውርዶ ይይዛል፣ ሲጠፋም ስሌቱን ይቀጥላል። የደረሰበትን በየጊዜው ዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ መብራት ቢሄድም ከዜሮ አይጀምርም። በአንድሮይድ ስልክም ይሠራል፤ ሴቲንጉን ካልቀየራችሁ በስተቀር ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ለአብዛኛው የጎጃም ተጠቃሚ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የከዋክብት ነገር ብዙም ባይስባችሁ እንኳ።

ልብ የሚነካው ግን የአፍሪካ ዝናብ ፕሮጀክት ነው። የኔዘርላንዱ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው ሲሆን፣ ከሰሃራ በታች ያለውን ዝናብ በአንድ ኪሎ ሜትር ስፋት እየከፈለ ያሰላል። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ለጎጃም ገበሬ ማስረዳት አያሻም። ዝናቡ ማዶ ሲያወርደው እዚህ ጠብ ሳይል ይቀራል። የዓለም አቀፉ ትንበያ ሰፊ ቦታን እንደ አንድ ስለሚቆጥር ይህን ልዩነት አያየውም። ጤፍ የሚዘራ ሰው ግን የሚፈልገው የራሱን ማሳ ነው።

እንግዲህ ዓላማው እንዲህ ከሆነ ለምን አንደኛ አላደረግሁትም? ሥራው ከባድ ነው። ራም ይበላል፣ የሚላከው ፋይል ትልቅ ነው፣ የደረሰበትንም የሚያስቀምጠው በረጅም ጊዜ ልዩነት ነው። በመካከል መብራት ከሄደ የሰዓታት ስሌት አብሮ ይሄዳል። ስልካችሁን ሆትስፖት አድርጋችሁ ለምትሠሩ አይሆንም። የማይቆራረጥ መስመርና ጄኔሬተር ላለው ላብራቶሪ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የሚገኘው ወርልድ ኮሚኒቲ ግሪድ በሚባለው የፕሮጀክቶች ስብስብ ውስጥ ነው። ይህን አይቢኤም በ2004 ጀምሮት አሁን ቶሮንቶ የሚገኘው ክሬምቢል የምርምር ተቋም ይዞታል። ሥራ ሁልጊዜ ላይኖር ስለሚችል አንስታይንን ደርቡበት። ቦይንክ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስኬዳል።

የቀሩትን ባጭሩ። ሮዜታ አት ሆም ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ መሪው ዴቪድ ቤከር በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ግን የሦስት ቀን ቀነ ገደብ ለእኛ ሰፈር ጠባብ ነው። የኦክስፎርዱ የአየር ንብረት ፕሮጀክት ሥራው ረጅም፣ ፋይሉም ግዙፍ ነው፤ እለፉት። የቆዩ ጽሑፎች ባዕድ ሥልጣኔ የሚፈልገውን ሴቲ አት ሆምን ይመክሯችኋል፤ በ2020 ሥራ ማደል አቁሟል።

የመረጣችሁት ቦይንክ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ሴቲንጉን ክፈቱ። እንደመጣ ከተዋችሁት ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ሊይዝ ይችላል፤ ፋኑ መጮህ ይጀምራል፣ ላፕቶፑም ጭን ላይ የማይቀመጥ ይሆናል። ከፕሮሰሰሩ ግማሹን ብቻ ፍቀዱለት። በባትሪ እንዳይሠራ ከልክሉት። ስንት ሜጋባይት በስንት ቀን እንደሚጠቀም የሚወሰንበት ቦታም አለ፤ ቁጥር አስገቡበት። ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ግን መጀመሪያ አስፈቅዱ፤ የመብራቱን ሒሳብ የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ነው።