ሩማቶይድ ፋክተር ወይስ አንቲ ሲሲፒ? የአጥንት ጉዳትን ቀድሞ የሚጠቁመው የቱ ነው?

ጠዋት ጣቶቻቸው አልታጠፍ ብለው የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቃታቸው አንዲት ሴት ወደ ሐኪም ቢሄዱ፣ ከእነዚህ ሁለት የደም ምርመራዎች አንዱ ሊታዘዝላቸው ይችላል። ሁለቱም የሩማቶይድ አርትራይተስን፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበትን በሽታ፣ ምልክት ይፈልጋሉ፤ አጥንቱ ይሸረሸር ይሆን ለሚለው ጥያቄ ግን እኩል መልስ አይሰጡም።

ዋጋ፦ ሩማቶይድ ፋክተር ርካሽ ነው። በላቴክስ ጠብታ ተሠርቶ በደቂቃዎች ይታያል። አንቲ ሲሲፒ ኪስ ይጎዳል።

የመሳሳት አደጋ፦ ሩማቶይድ ፋክተር በሄፓታይተስ ሲ፣ በሳንባ ነቀርሳ፣ አንዳንዴም ጤነኛ በሆኑ አረጋውያን ደም ውስጥ ይገኛል። አንቲ ሲሲፒ እንዲህ በቀላሉ አይታለልም፤ በሽታው ከሌለባቸው 100 ሰዎች 95 ያህሉን ነጻ ይላል፣ ያኛው 85 ገደማ። ታማሚዎችን በመለየት ግን አይበላለጡም፤ ሁለቱም ከሦስት አንዱን ያህል ይስታሉ። ስለዚህ «ነጌቲቭ» የሚል ወረቀት ይዞ እፎይ ማለት አያዋጣም።

አጥንት፦ እዚህ ላይ ወደ አንቲ ሲሲፒ አደላለሁ። ሕመሙ ከመሰማቱ ከዓመታት በፊት ሊታይ ይችላል። የሚለካቸው ፀረ እንግዳ አካላት ኦስቲዮክላስት የተባሉትን አጥንት በሊታ ሴሎች እንደሚያነቃቁም በቤተ ሙከራ ታይቷል። ሩማቶይድ ፋክተርም መጠኑ ሲበዛ ችላ አይባልም፤ ሁለቱ ሲደመሩ ስጋቱ ይብሳል።

ሕመሙ ገና ወራት ብቻ የሆነውና ራጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ለአንቲ ሲሲፒ ቢከፍል ይሻላል። መገጣጠሚያው በግልጽ ላበጠና ገንዘብ ላጠረው ሩማቶይድ ፋክተር፣ ከእጅና ከእግር ራጅ ጋር፣ መነሻ ይሆናል።