ለልጄ የቴኳንዶ አሰልጣኝ፦ ከልብ እናመሰግናለን

ልጃችሁን ቴኳንዶ ለማስገባት አሰልጣኝ የምታፈላልጉ የአዲስ አበባ ወላጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለአሰልጣኛችን ደግሞ ምስጋናዬ ነው። ስሙ እንዲጻፍ ስላልፈለገ አልጠቅሰውም።

ቀን ቀን ጋራዥ ይሠራል። ከሥራ ሲወጣ አመሻሽ ላይ ልጆች ያሰለጥናል። የምንከፍለው ወርሃዊ ክፍያ የአዳራሹን ኪራይ ከሸፈነ ብዙ ነው። በነፃ የሚሰለጥኑ ልጆችም አሉ። ይህን ያወቅኩት አንዲት እናት ስታመሰግነው ሰምቼ እንጂ እሱ ተናግሮ አይደለም።

ልጄ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ነበር የሚሰለጥነው። እዚያ የቀበቶ ፈተና ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ በየፈተናው ይከፈላል፣ የወደቀ ልጅ ግን አይቼ አላውቅም። ቢጫ ቀበቶ አስሮ አቋቋሙን እንኳ በቅጡ አያውቅም ነበር።

እዚህ ሲመጣ እንደገና ከቾን ጂ ጀመረ። ቾን ጂ ኢንተርናሽናል በሚባለው የቴኳንዶ ዓይነት የመጀመሪያው ፓተርን ነው (ፓተርን ማለት በቅደም ተከተል የሚሠራ የመከላከልና የማጥቃት እንቅስቃሴ ነው)፤ 19 እንቅስቃሴ አለው። ቀጥሎ ዳን ጉን ይመጣል፤ እሱ 21 ነው። ልጄ ዳን ጉንን አንድም ሳይስት መሥራት ቻለ። ፈተናው ደረሰ ብለን ስንጠብቅ አሰልጣኙ «ልጅዎ ገና ነው» አለኝ። ደነገጥኩ።

«እንቅስቃሴውን ችሏል። ስፓሪንግ ላይ፣ ማለትም ሁለት ሆነው ሲገጥሙ፣ ግን ከሱ የሚያንሱትን እየመረጠ በኃይል ይማታል።»

ልጄ አለቀሰ። አሰልጣኙ አልተቆጣውም። አዲስ የገቡትን ትንንሾች ቾን ጂ እንዲያለማምድ መደበው። እኔ እናቱ ያላሰብኩትን መድኃኒት አገኘለት። ልጄ የራሱን እግር አጣጣል ማየት የጀመረው የሌላ ልጅ እግር ሲያስተካክል ነው። ቤት መጥቶ «እማ፣ ያቺ ትንሿ ልጅ ዛሬ ብቻዋን ጨረሰች!» ሲለኝ ፊቱን ብታዩት! እህቱን መማታትም ተወ። ቀበቶውን ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ቀን አሰልጣኙን «ይህን ሁሉ የምትደክመው ለምንድነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ጥቁር ቀበቶ ያደረሳቸውን ልጆች የሚቆጥርልኝ መስሎኝ ነበር። የነገረኝ ግን ስለ አንድ ዓይን አፋር ልጅ ነው። ሲመጣ ቀና ብሎ ሰው አያይም ነበር። አንድ ቀን ከሰልፉ ፊት ቆሞ በኮሪያኛ «ሃና፣ ዱል፣ ሴት» (አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት) እያለ ጮክ ብሎ ቆጠረ። «ያን ቀን ድካሜ የት እንደገባ አላውቅም» አለኝ። እሱ ራሱ ልጅ ሳለ የሚከፍለው አጥቶ ሊያቋርጥ ሲል የያኔው አሰልጣኙ «አንተ ብቻ ና» ብሎት ነበር። ቆይቶም ጀማሪዎች ፊት አቆመው። ለልጄ ያደረገለት ይህንኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ እንደነዚህ ዓይነት መምህራን ማንበብ ጀምሬያለሁ። ካራቴን ከጃፓኗ ደሴት ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ የወሰዱት ጊቺን ፉናኮሺ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። በ1922 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ሲገቡ ከ50 ዓመት አልፈዋል። የኦኪናዋ ተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ግቢ እየጠረጉና እየጠበቁ ነበር የሚያስተምሩት። የኢንተርናሽናል ቴኳንዶው መሥራች ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ደግሞ ፓተርኖቹን በቀኑ ሰዓታት ልክ 24 አድርገዋቸዋል። የሰው ዕድሜ ከዘላለም ጋር ሲተያይ አንድ ቀን ነው፣ በዚያች ቀን ለተከታይ የሚተርፍ ነገር መተው ይገባል የሚል እምነት ነበራቸው። ይህን ሳነብ የኛው አሰልጣኝ ነው ፊቴ ላይ ድቅን ያለው።

ወላጅ በፈለገው ቀን ገብቶ ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል። የጭንቅላትና የጥርስ መከላከያ ያላደረገ ልጅ ስፓሪንግ አይገባም። ትምህርት ቤት ተደባድቦ የመጣ ልጅ ሰልጣኞች ከሚምሉት የቴኳንዶ መሐላ ውስጥ «ቴኳንዶን ያለአግባብ አልጠቀምም» የሚለውን ይዞ ከአሰልጣኙ ጋር ለብቻው ይነጋገራል፤ ሌሎች ፊት አይዋረድም። ሴቶች ልጆችም ብዙ ናቸው፣ እኩል ነው የሚሠሩት። ቀበቶ ቶሎ እንዲቀየር ለምትፈልጉ ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እዚህ ጊዜ ይወስዳል።

ወንድሜ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ።