ለልጃችን የሆርሞን ሐኪም ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

የሰባት ዓመት ልጃችንን ላከሙልን የሕፃናት ሆርሞን ሐኪም የላቀ ምስጋናችንን እናቀርባለን።

ልጃችን እግሯን ያማት ነበር፤ ቁመቷም ከእኩዮቿ እያነሰ ነበር። ቀደም ሲል ያገኘነው ምክር «ቫይታሚን ዲ ስጧት» ከማለት አያልፍም። እኚህ ሐኪም ግን መድኃኒት ከማዘዛቸው በፊት የቀድሞ የቁመት ልኬቶቿን ጠየቁ። ከጉርምስና በፊት ያለ ልጅ በዓመት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ማደግ እንደሚጠበቅበት፣ እድገቱንም በዋናነት የሚመሩት የእድገት ሆርሞንና የታይሮይድ ሆርሞን በመሆናቸው የእነሱ ጉድለት አለመኖሩ መረጋገጥ እንዳለበት አስረዱን። የእጅ አንጓዎቿን ዳስሰው መስፋታቸውን እኛም እንድንነካው አደረጉ። በራጁ ላይ ደግሞ የአጥንቱ ጫፍ እንደ ስኒ መጎድጎዱንና ጠርዙ መሻከሩን በጣታቸው እያመለከቱ አሳዩን፤ ሪኬትስ፣ ማለትም በማደግ ላይ ያለ አጥንት በወጉ የማይጠነክርበት የልጆች በሽታ፣ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያረካን የደም ምርመራውን ያብራሩበት መንገድ ነው። ቫይታሚን ዲ በቆዳ ከተሠራ በኋላ በጉበት፣ ቀጥሎም በኩላሊት ይለወጣል፤ የሚለካው ግን በጉበት የተለወጠው ነው። እጥረት ሲኖር የፓራታይሮይድ ሆርሞን (በአንገት ያሉ ትንንሽ ዕጢዎች የሚያመነጩት፣ የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠር ሆርሞን) ከፍ ብሎ ኩላሊትን ስለሚገፋፋው፣ በኩላሊት የተለወጠው የመጨረሻው ዓይነት ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸው ሆርሞን የደሙን ካልሲየም ለመጠበቅ ሲል ከአጥንት ይወስዳል፤ ፎስፈረስም በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል፤ ፎስፈረስ ሲያንስ ደግሞ በማደግ ላይ ያለው የአጥንት ጫፍ በወጉ አይጠነክርም። የልጃችን የደም ካልሲየም ደህና ሆኖ ሳለ አጥንቷ የተጎዳበት ምክንያት የገባን ያን ጊዜ ነው። ቫይታሚን ዲዋ በሊትር ከ30 ናኖሞል በታች ነበር፣ ማለትም እጥረት ነበረባት፤ ታይሮይዷ ግን ጤነኛ ሆኖ ተገኘ።

በየቀኑ የሚወሰድ ቫይታሚን ዲ ከካልሲየም ጋር አዘዙላት። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ዲ የደም ካልሲየምን ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ቶሎ ትዳን ብለን መጠኑን በራሳችን እንዳንጨምር አጥብቀው አስጠነቀቁን። በክትትሉ የፓራታይሮይድ ሆርሞኗ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ የእግሯ ሕመምም ለቋታል።

ወረፋቸው ረጅም ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚሰጡትን ጊዜ ያየ ወላጅ ግን አያማርርም። የልጁ እድገት የቀዘቀዘበት፣ ወይም ልጁ ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ እግሩ ይበልጥ እየጎበጠ የሄደበት ወላጅ አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ቢጠይቀን በደስታ እንሰጣለን። ሲሄዱ የቀድሞ የቁመት ልኬቶችንና ልጁ የወሰዳቸውን ጠብታዎችና እንክብሎች በሙሉ ይዘው ይሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።