ርካሹ ካያክ ደህና ነበር፤ የሰነጠቀው ጋሪው ነው

ካለፈው ኤፕሪል ወዲህ የምቀዝፈው ካያክ ርካሽ ነው። 10 ጫማ ይረዝማል፣ ወርዱ 30 ኢንች ነው፣ ባዶውን 52 ፓውንድ ይመዝናል፣ ከኋላው ሁለት የማጥመጃ ዘንግ ማቆሚያ አለው። ስለ እሱ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ጀልባው ራሱ አይደለም። አብሮት "ይህንንማ ሳትይዝ አትሂድ" ተብሎ የተሸጠልኝ፣ ጀልባውን እስከ ውሃው የሚጎትቱበት ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ የጀልባዬን ሆድ ሰንጥቆት፣ ወንዝ መሃል ውሃ ሲጠጣብኝ ስለዋለ ነው። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ ወንድሞችና እህቶች "የትኛውን ካያክ ልግዛ?" እያሉ ይጠይቁኛል። ስለ ጋሪ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም፤ ስለዚህ ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ጀልባው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ካያክ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው እግርን ወደ ውስጥ ዘርግተው የሚገቡበት፣ ሌላው ከላዩ የሚቀመጡበት። ለጀማሪ ዓሣ አጥማጅ የሚሻለው ሁለተኛው ነው፤ ቢገለበጥ እንኳ እንደ መጀመሪያው ውሃ አይሞላም፣ መልሶ አቃንቶ ከጎኑ ተስቦ መውጣት ይቻላል። የሚንሳፈፈው ሆዱ ባዶ ስለሆነና አየር ስለታፈነበት ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። የፕላስቲክ ዱቄት በብረት ቅርጽ ውስጥ ይጨመርና ምድጃ ውስጥ እየተሽከረከረ ይቀልጣል፤ የቀለጠው ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ አንድ ወጥ የሆነ ባዶ ዕቃ ይወጣል። ፕላስቲኩ ፖሊኤቲሊን ይባላል፤ አገር ቤት ውሃ የምንቀዳበት ቢጫ ጄሪካን የሚሠራውም ከእሱ ነው። ጠንካራ ነው። ድንጋይ ላይ ብትጎትቱት ይጫጫራል እንጂ አይሰበርም።

አሁን ወደ ቀዳዳዎቹ ልምጣ። በመቀመጫው ዙሪያ ከላይ እስከ ታች ዘልቀው የሚያልፉ ቀዳዳዎች አሉ፤ እላይ የተረጨው ውሃ በእነሱ በኩል ተመልሶ ወደ ወንዙ ይወርዳል። እያንዳንዱ ቀዳዳ የላዩንና የታቹን ገላ የሚያገናኝ አጭር ቱቦ ነው። ያ ቱቦ ከቀረው የጀልባው አካል የሳሳ ሊሆን ይችላል፤ በርካሽ ጀልባ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። የተሸጠልኝ ጋሪ ታዲያ በእነዚህ ቀዳዳዎች ከሥር የሚሰኩ ሁለት የብረት ዘንጎች አሉት። ጀልባው ዘንጎቹ ላይ ይሰካል፣ እናንተ አፍንጫውን ይዛችሁ ትጎትታላችሁ። ሲያዩት የሚያምር ነገር ነው፤ ማሰሪያ አያስፈልገውም፣ በአንድ ደቂቃ ይገጠማል። ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው ግን በሁለቱ ቱቦዎች ከንፈር ላይ ነው። ጎማው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲመታ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ ብረቱ ቱቦውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል።

ሻጩ ምን ብሎ ሊከራከረኝ እንደሚችል አውቃለሁ። "ቀዳዳው ለዚህም ጭምር ነው የተሠራው" ይላል። ወንድሜ፣ ቀዳዳው የተሠራው ውሃ እንዲያፈስ ነው። ለጋሪ ብሎ አጠንክሮ የሚሠራ አምራች አለ፤ እንደዚያ ከሆነ መመሪያው ላይ ይጽፈዋል። በእኔ ጀልባ መመሪያ ላይ ስለ ጋሪ የተጻፈ አንድ ቃል የለም። "ታዲያ ዕቃ ባትጭንበት ኖሮ" ይለኝ ይሆናል። ሱቁ ውስጥ "ሳጥንህንም፣ መልሕቅህንም፣ በረዶህንም ጭነህ ትጎትተዋለህ፣ ሁለት ጊዜ መመላለስ ቀረልህ" ያለኝ ማን ነበር? ጋሪው የተሸጠልኝ በዚያ ቃል ነው።

ውሃው የገባብኝ ፖሂክ ቤይ ነው። ሜሰን ኔክ ዳር ያለ፣ ወደ ፖቶማክ ወንዝ የሚከፈት ሰፊ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው፤ በበጋ ሣሩ ከሥር ይበቅላል፣ ስኔክሄድ የሚባለው ዓሣም እዚያ ሣር ውስጥ ይደበቃል። ፖቶማክ ከዋሽንግተን በታች ከባሕር ጋር ስለሚተነፍስ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል። ውሃው ሲሸሽ ከዳርቻው ራቅ ብዬ ነበር። መጀመሪያ የተሰማኝ ክብደት ነው፤ በአንድ ቅዝፊያ ይሄድ የነበረው ጀልባ ሁለት ሦስት ይፈልግ ጀመር። ነፋስ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ መንጠቆዬን ለመወርወር ወደ ቀኝ ዞር ስል ጀልባው አብሮኝ ዞረ፤ ዞሮም አልተመለሰም።

ሆድ ውስጥ የገባ ውሃ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ አደገኛ የሚያደርገው ይህ ነው። ጀልባው ጥቂት ሲያዘነብል ውሃው ሁሉ ወዳዘነበለበት ይሮጣል፣ ማዘንበሉንም ያብሰዋል። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ያ 20 ኪሎ ደግሞ እናንተ ወደ ወደቃችሁበት ጎን የሚጋልብ ነው። ላይፍ ጃኬቴን ለብሼ ነበር። የቨርጂኒያ ሕግ ካያክ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጃኬት እንዲኖር ያዛል፤ አዋቂ ሰው እንዲለብሰው ግን አያስገድድም። ስለ ሕጉ አትጨነቁ፣ ልበሱት። ቀጥታ ወደ ቅርቡ ዳርቻ ቀዘፍኩ፣ ጀልባውን በጭቃው ላይ ጎትቼ ኋላውን ዝቅ አድርጌ የውሃ ማፍሰሻውን ውታፍ ነቀልኩ። የወጣው ውሃ ማቆሚያ አልነበረውም።

ስንጥቁን ያገኘሁት ጎሚስታ ከመነዳሪ ውስጥ ቀዳዳ በሚፈልግበት ዘዴ ነው። ጀልባውን ገልብጬ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በሳሙና ውሃ አስነከርኩ፣ በውታፉ በኩል አየር በቀስታ ነፋሁበት፤ ከመቀመጫው ኋላ ያለው የግራ ቱቦ አረፋ ደፈቀ። የጥፍር ያህል ስንጥቅ ነው፣ በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። በተቃራኒው ያለው ቱቦም ነጣ ነጣ ብሎ ነበር፤ ፖሊኤቲሊን ከመሰንጠቁ በፊት የተጨነቀበት ቦታ ይነጣል። ዘንግ ገብቶባቸው የማያውቁት የፊት ቀዳዳዎች ግን እንደ አዲስ ናቸው። ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ሱቁ "ዋስትናው የፋብሪካ ስህተትን እንጂ የአጠቃቀም ጉዳትን አይሸፍንም" አለኝ። ጀልባውን የሸጡት እነሱ፣ ጋሪውን የሸጡት እነሱ፣ በአንድ ደረሰኝ ላይ። ሁለቱ የማይስማሙ ከሆነ በአንድ ደረሰኝ ላይ ምን ያደርጋሉ? መልስ አላገኘሁም።

ጥገናው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ተሳስቶ ጀልባውን ይጥለዋል። በሙጫ አትድከሙ። ተራው ኤፖክሲም ሆነ ሲሊኮን ፖሊኤቲሊን ላይ አይዝም፤ ሲደርቅ የያዘ ይመስላል፣ ጀልባው ፀሐይ ላይ ሲሰፋና ውሃ ላይ ሲጠብ ተልጦ ይነሳል። የሚይዘው ብየዳ ነው። አገር ቤት የተሰነጠቀ ጄሪካን በጋለ ብረት ሲበየድ ያየ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ ስንጥቁ እንዳይቀጥል ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ አካባቢው ይፋቃል፣ በአልኮል ይጸዳል፤ ከዚያ የዚያኑ ዓይነት ፕላስቲክ ቀጭን ልጣጭ በሙቅ አየር እያቀለጡ ከገላው ጋር ማዋሃድ ነው። ገላው ሳይሞቅ ልጣጩን ብቻ ብታቀልጡ ላዩ ላይ ይለጠፋል እንጂ አይዋሃድም፤ ከመጠን በላይ ብታሞቁት ደግሞ ቱቦው ይረግባል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ መሣሪያው ስላለው አብረን ሠራነው፣ የነጣውንም ቱቦ ደረብንለት። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልገባበትም። ሁሉም ፖሊኤቲሊን ግን አይበየድም፤ ክሮስሊንክድ የሚባለው ዓይነት ስለማይቀልጥ በብየዳ አይጠገንም። ስትገዙ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚበየደው ዓይነት ናቸው፣ ይህ የርካሽነት በረከት ነው።

ስለ ጀልባው ራሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ይሄዳል፣ ይንሳፈፋል፣ ዓሣ ያስይዛል። አጭር ስለሆነ በነፋስ ጊዜ አፍንጫው ይዋልላል። አብሮ የመጣው መቅዘፊያ አጭር ነበርና ጉልበቴን ይመታኝ ነበር፤ 240 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስገዛ ተገላገልኩ። ቆሞ ማጥመድ አይቻልበትም፣ ወርዱ አይበቃም። ቡርክ ሌክ ላይ ግን ከዚህ የሚሻል ጀልባ አልፈልግም፤ 218 ኤከር ያህል ሐይቅ ነው፣ የቤንዚን ሞተር አይፈቀድበትም፣ ስለዚህ ማንም በማዕበል አያናውጣችሁም። ጠዋት ጠዋት ዳር ዳሩን እየቀዘፍኩ ባስ የሚባለውን ዓሣ ሳጠምድ፣ ልጅ ሆኜ ጣና ላይ በደንገል ታንኳ ቆሮሶ የሚያወጡትን ሰዎች አስታውሳለሁ፤ እነሱም ከላዩ ነው የሚቀመጡት።

በጀቴ ሁሉም ተጠቃሎ 600 ዶላር ነበር። ሻጩ መጀመሪያ የወሰደኝ ፔዳል በእግር እየተረገጠ የሚሄድ፣ 12 ጫማ፣ ዋጋው ከ1,000 ዶላር በላይ ወደ ሆነ ጀልባ ነው። ክብደቱን ስጠይቀው መልሶ ስለ ወንበሩ ምቾት ነገረኝ። ዕቃው ሁሉ ሲገጠም ከ100 ፓውንድ የሚያልፍ ጀልባ ነበር። እኔ የምኖረው አፓርታማ ነው፣ የምነዳው ኮሮላ ነው፣ ብቻዬን ነው የምጭነው። ከ52 ፓውንድ በላይ የሆነ ነገር ፖርቶመጋላው ላይ ብቻዬን ማውጣት አልችልም። እንዲህ ዓይነቱን ጀልባ ብገዛ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ፍለጋ ስደውል እውል ነበር። በትንሽ ገንዘብ ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ "ውሃ ላይ ምን ያህል ይመቻል?" ሳይሆን "ከቤቴ እስከ ውሃው ማን ይሸከመዋል?" ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሱቁ ውስጥ አንሱትና ሞክሩ፤ አይሆንም የሚላችሁ ሻጭ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

የሚሸከመውን ክብደትም እንደተጻፈው አትመኑት። 300 ፓውንድ ይሸከማል የሚባል ጀልባ ላይ ሁለት ሦስተኛውን፣ 200 ያህል ብቻ አስቡ፤ ከዚያ በላይ መቀመጫው ላይ ውሃ ይቋጥራል። በዚያ 200 ውስጥ ራሳችሁም፣ ሳጥኑም፣ የምትይዙት ዓሣም አላችሁበት። የኤሌክትሪክ ሞተር ጨምር ለሚላችሁ ደግሞ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሞተር የሌለው ካያክ ምዝገባ አያስፈልገውም፤ ሞተር ያሰራችሁበት ቀን መመዝገብ ግዴታ ይሆናል፣ ባትሪውም ክብደት ነው።

ያገለገለ መግዛት ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እኔ ራሴ አሁን ለጓደኞቼ የምመክረው ይህንን ነው። ስታዩት ግን ገልብጡት። በስልካችሁ መብራት እያንዳንዱን ቱቦ ከላይም ከታችም ተመልከቱ፤ የነጣ ወይም የተፋቀ ካለ ያ ጀልባ ዘንግ ያለው ጋሪ ተሰክቶበት ሊሆን ይችላል። ውታፉን ነቅላችሁ ውስጡን አሽትቱ፤ የኩሬ ሽታ ካለው ውሃ ሲገባበት ቆይቷል። ከ1972 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ተሠርቶ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ጀልባ በኋላው በቀኝ በኩል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ሊኖረው ይገባል። ተፍቆ ከጠፋ ባለቤቱ "ረሳሁት" ቢላችሁም ተመለሱ፤ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ጋሪ ካስፈለጋችሁ ደግሞ ሆዱ በስፖንጅ የተሸፈነ ቅንፍ ላይ የሚያርፍበትንና በቀበቶ የሚታሰረውን ግዙ። ማሰሩ ሦስት አራት ደቂቃ ይፈጃል፣ ዋጋው ግን ከዘንጉ ጋሪ ብዙም አይርቅም። ክብደቱ በሰፊው የጀልባው ሆድ ላይ ስለሚከፋፈል ቱቦዎቹን አይነካቸውም።

በንዴቴ ሳምንት ጀልባውን ልሸጠው ነበር፣ ማስታወቂያም ጽፌ ነበር። ከብየዳው በኋላ ቡርክ ሌክ ወስጄ ሞከርኩትና ማስታወቂያውን አጠፋሁት። 380 ዶላር የከፈልኩበት ጀልባ ነው፤ ዛሬም ቢሆን በዚያው ዋጋ እገዛዋለሁ። ለጋሪው የከፈልኩት 70 ዶላር ግን እስካሁን ይቆጨኛል፣ ሸጠህ አታካክሰውም ወይ የሚለኝም ሰው አለ። ለሌላ ሰው ጀልባ ላይ የሚሰካ ነገር አልሸጥም። ሁለቱን ዘንጎች በመጋዝ ቆርጬ ጣልኳቸው፣ ጎማዎቹን ለአዲሱ ጋሪ መለዋወጫ አስቀርቻቸዋለሁ።