ቨርቹዋልቦክስ 7፦ ማሽኑ አልነሳም ሲል ምን ያህል ያግዛል?

የቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ) ሶፍትዌር የሚመዘነው ማሽኑ አልነሳም ባለ ቀን ነው። በዚህ በኩል የኦራክሉ ቨርቹዋልቦክስ ብዙ ያስመሰግነዋል፤ ዊንዶውስ ላይ ግን ክፉኛ የሚያስቸግርበት አንድ ቦታ አለ። ዋናው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። በ2022 የወጣው 7.0 ዊንዶውስ 11 የሚጠይቃቸውን የደህንነት ክፍሎች፣ ቲፒኤምና ሴኪዩር ቡትን፣ ስለጨመረ ዊንዶውስ 11 ያለ አቋራጭ ዘዴ ይጫንበታል። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ለኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) 4 ጊጋባይት ራም፣ 2 ሲፒዩና 25 ጊጋባይት ዲስክ ከሰጡት ለመማሪያ ይበቃል።

ስታርት ሲሉት መስኮቱ ሳይከፈት ስህተት ከመጣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ቨርቹዋልቦክስ የተጫነበት ዋናው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ኡቡንቱውን አጥፍቶ እንደገና መጫን ምንም አይለውጥም። መልእክቱ ላይ «ቪቲ-ኤክስ» ወይም «ኤኤምዲ-ቪ» ከሚለው ስም ጋር «ዲሴብልድ» የሚል ቃል ካዩ ቨርቹዋል ማሽን ለማስኬድ የሚያግዘው የፕሮሰሰሩ ቨርቹዋላይዜሽን ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው የሴቲንግ ገጽ) ውስጥ ተዘግቷል ማለት ነው። ከ6.1 ጀምሮ ፕሮግራሙ ያለዚህ እገዛ አንድም ማሽን አያስነሳም። ለማረጋገጥ ታስክ ማናጀርን ከፍተው ፐርፎርማንስ፣ ቀጥሎ ሲፒዩ የሚለውን ይጫኑ፤ ከታች «ቨርቹዋላይዜሽን» የሚል መስመር አለ። «ዲሴብልድ» ካለ ባዮስ ይግቡ፦ ኤችፒ ላይ ብዙ ጊዜ በኤፍ10፣ ዴል ላይ በኤፍ2፣ ቲንክፓድ ላይ በኤፍ1። ኢንቴል ላይ «ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ»፣ ኤኤምዲ ላይ «ኤስቪኤም ሞድ» የሚለውን ያብሩ። ሴቭ ካደረጉ በኋላ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ያብሩት፤ ሪስታርት ብቻ የማይበቃቸው አሉ።

ታስክ ማናጀር «ኢኔብልድ» እያለ ማሽኑ ካልተነሳ ወይም ተነስቶ ከተንቀራፈፈ፣ ማስቸገር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ከመስኮቱ ግርጌ በስተቀኝ ካሉት ትንንሽ አይኮኖች መካከል አረንጓዴ ኤሊ ካለ፣ ፕሮሰሰሩን ሃይፐር-ቪ (የዊንዶውስ የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት) ቀድሞ ይዞታል፤ ቨርቹዋልቦክስ በእሱ በኩል ነው እየሠራ ያለው። ይህን የሚያህል ነገር ያለ ግልጽ ማብራሪያ በኤሊ ስዕል ማሳወቅ የዚህ ሶፍትዌር ትልቁ ጉድለት ነው። መፍትሔው «ዊንዶውስ ፊቸርስ» ውስጥ ሃይፐር-ቪን፣ ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርምንና ዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርምን ማጥፋት ነው። ኤሊው ከዚያም በኋላ ካልጠፋ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ፣ ኮር አይሶሌሽን ስር ያለው ሜሞሪ ኢንተግሪቲ ነው ብዙ ጊዜ የያዘው። እሱን ማጥፋት የኮምፒውተሩን መከላከያ ስለሚቀንስ ለሥራ ላፕቶፕ አልመክረውም። ዶከር ዴስክቶፕ ወይም ደብሊውኤስኤል 2 (ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደው) የሚጠቀም ሰው ደግሞ ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርምን ማጥፋት አይችልም፤ ዊንዶውሱ ፕሮ ከሆነ ራሱን ሃይፐር-ቪን ቢጠቀም ይሻለዋል።

መስኮቱ ተከፍቶ «ኖ ቡተብል ሚዲየም ፋውንድ» የሚል ከመጣ ነገሩ ቀላል ነው፦ ማሽኑ የሚነሳበት ዲስክ የለውም። ሴቲንግስ ውስጥ ስቶሬጅን ይክፈቱ፤ የሲዲው ምልክት «ኤምፕቲ» ካለ የሲስተሙን መጫኛ የያዘውን አይኤስኦ ፋይል እዚያ ያስገቡ። ገብቶም ካልነሳ ዳውንሎዱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። በሚቆራረጥ ኢንተርኔት የወረደ አይኤስኦ ሁልጊዜ ፋይሉ በወረደበት ገጽ ላይ ካለው የሻ256 ቁጥር (ፋይሉ ሙሉ መሆኑን የሚያሳይ መለያ) ጋር መመሳከር አለበት። በጥቁር መስኮት «ሼል» የሚል ቃል ብቻ ከመጣና ሲስተሙ ቀድሞ የተጫነ ከሆነ፣ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም ስር «ኢኔብል ኢኤፍአይ» (ከባዮስ በኋላ የመጣው አዲሱ የማስነሻ ዘዴ) የሚለውን ይመልከቱ። ያለ ኢኤፍአይ የተጫነ ሲስተም ኢኤፍአይ ሲበራበት ዲስኩን ማግኘት ያቅተዋል፤ ሲጫን ወደነበረበት መመለስ ይበቃል። ከ7.1 ጀምሮ ቤዚክና ኤክስፐርት የሚባሉ ሁለት እይታዎች ስላሉ የሚፈልጉት አማራጭ ከጠፋብዎት ኤክስፐርትን ይምረጡ።

ዋናው ኮምፒውተር ሊኑክስ ከሆነ የተለመደው ችግር ከከርነል (የሊኑክስ እምብርት) አፕዴት በኋላ የሚመጣው «ከርነል ድራይቨር ኖት ኢንስቶልድ» ነው፤ መፍትሔው ድራይቨሩን እንደገና ለመሥራት የሚያስፈልጉትን የዚያን ከርነል ሄደርስና ዲኬኤምኤስን ጭኖ ቪቦክስኮንፊግ የሚባለውን ትእዛዝ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ማስኬድ ነው። ከ6.12 ወዲህ ባሉት ከርነሎች ደግሞ የሊኑክስ የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት የሆነው ኬቪኤም ቀድሞ ፕሮሰሰሩን ስለሚይዝ የኬቪኤም ሞጁሉን ከከርነሉ ማስወጣት (አንሎድ ማድረግ) ያስፈልጋል።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ግን ከሁሉም በላይ ማወቅ የሚገባው ይህን ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ የማሽኑ መግለጫ ፋይል፣ መጨረሻው ዶት ቪቦክስ የሆነው፣ ሊበላሽ ይችላል፤ ማሽኑም «ኢንአክሰሲብል» ተብሎ ይቀራል። ብዙዎች እዚህ ላይ ሁሉንም አጥፍተው ከባዶ ይጀምራሉ፤ ዲስኩ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። መጀመሪያ ሙሉውን ፎልደር ሌላ ቦታ ኮፒ ያድርጉ። በዚያው ፎልደር ውስጥ ስሙ «ፕሪቭ» በሚል የሚያልቅ የቀድሞ ቅጂ አለ፤ የተበላሸውን ከፎልደሩ አውጥተው የቀድሞውን ቅጂ ስም መጨረሻ ወደ ዶት ቪቦክስ ይቀይሩ፣ ከዚያ ሪፍሬሽ ይበሉ። ቅጂው ከተቀመጠ በኋላ የተወሰደ ስናፕሾት (የማሽኑን ሁኔታ በአንድ ቅጽበት የሚያስቀምጥ) ካለ ግን አያውቀውም፤ ኮፒው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ማሽኑ «ሴቭድ» (ሳይዘጋ ባለበት ሁኔታ የተቀመጠ) ላይ ሆኖ አልነሳም ካለ «ዲስካርድ» የሚለው ያስነሳዋል፤ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ይጠፋል እንጂ ዲስኩ አይነካም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሰው እርዳታ ለመጠየቅ ሲደርስ ቨርቹዋልቦክስ በጣም ጥሩ የሆነበት ነገር ሎጉ፣ ማሽኑ ሲነሳ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግበው ፋይል፣ ነው። ማሽኑ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ሾው ሎግ» ይበሉ። የስህተቱን ፎቶ ብቻ ከመላክ ይልቅ ሙሉውን ሎግ ዚፕ አድርገው፣ የዋናውን ኮምፒውተር ሲስተምና የቨርቹዋልቦክሱን ቨርዥን ጨምረው ይላኩ። «ፎል ባክ ቱ ኤንኢኤም» የሚል መስመር ካለበት ሃይፐር-ቪ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ሎጉ የፎልደሮችን አድራሻ ስለሚጽፍ የዊንዶውስ መለያ ስምዎ ይታይበታል፤ ከመላክዎ በፊት በሌላ ቃል ይተኩት።